የፈቱት ባል ለቅሶ

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ከሩት ጎን ተቀምጦ እጇን በሁለት እጆቹ ያዘና፣ «እግዜር ያጥናሽ፤ አባት ማጣት ቀላል ነገር አይደለም» አላት፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያም እንባውን በመሐረብ አደረቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፊቱን ወደ እናቷ መልሶ፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ አስካለ? ገላን ኮንዶሚኒየም ተስማማሽ? ውኃ ይመጣል?» ሲል ጠየቀ። ወይዘሮ አስካለማርያም ውኃው ሲመጣም ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ጉልበት እንደሚያንሰው መለሱ፤ የቆሎውን ሳህን አቀረቡ፤ ባዶውን ብርጭቆ አነሡ።

በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ሶፋ ላይ፣ በአንድ ሰው ሞት ምክንያት ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ሳለ አንደኛዋ ሐዘንተኛ ሁለተኛዋ አስተናጋጅ የምትሆንበት ሥርዓት በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። ሆኖም ከሩት አባት ከአቶ ፍቅሩ ቀብር ወዲህ ወደዚያ ኮንዶሚኒየም የወጣው እንግዳ ሁሉ፣ ማንም ሳያሠለጥነው፣ ሥርዓቱን አንዲት ሳያዛንፍ ፈጽሞታል፤ ለልጂቱ ማጽናኛ፣ ለእናቲቱ የውኃና የመብራት ጥያቄ። ወይዘሮ አስካለማርያም ከሟቹ ጋር በትዳር የኖሩበት ዘመን ተፋትተው ከኖሩበት ይበልጣል። የተፋቱበትን ምክንያት፣ ለማስታረቅ ሲመላለሱ የነበሩት ሽማግሌዎች እንኳ ረስተውታል። ያልተረሳው አቶ ፍቅሩ የብረት ሳጥኑን አንሥቶ ሲወጣ በበሩ ላይ የተናገረው ቃል ነው። «ከአንቺ ጋር መኖር» ብሎ ነበር የምድር ባቡሩ መካኒክ፣ «ፍሬን በሌለው ባቡር ቁልቁለት መውረድ ነው።» ወይዘሮዋ በዚያች ቅጽበት መልስ አጡ። በኋላ ግን አገኙ። መልሱን ክር ፋብሪካ ማሽን ላይ ቆመው ሲያሻሽሉት፣ ጡረታ ወጥተው ሲያሳጥሩት፣ በየበዓሉ ልጂቱን ሊያይ ሲመጣ ዛሬ እነግረዋለሁ ሲሉ፣ ደግሞም እስኪበስል ይቆይ ሲሉ ዓመታት አለፉ። እነሆ መልሱ በስሎ ሲያልቅ የሚሰማው ሰው ተቀበረ።

በለቅሶው ድንኳን የሆነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ወይዘሮ አስካለማርያም ሳሪስ አቦ ወደተተከለው ድንኳን ሲገቡ የሟቹ እኅት ለአስተናባሪው፣ ድምፅዋን የቀነሰች መስሏት፣ «እሷ ደግሞ ምኑ ናት? ከእንግዶቹ ጋር ትቀመጥ» አለች። ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጡ። በአንድ በኩል የመንደሩ ሥጋ ሻጭ፣ በሌላው በኩል ስልኩን የሚነካካ የማያውቁት ሰው ነበር። እንባቸው ሲመጣ ሥጋ ሻጩ በግርምት ስላያቸው ጉንፋን አስመሰሉት። ቤታቸው ሲመለሱም አላለቀሱም፤ በልጃቸው ፊት ማልቀስ የልጂቱን ድርሻ መሻማት መሰላቸው። ሩትም እናቷ አልቅሳ እንደ ሆነ አልጠየቀችም። እናትና ልጅ በአንድ ሰው ሐዘን መካከል እንደ ሁለት ጨዋ ተከራዮች እየተላለፉ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ካርድ መሙላት ብቻ እየተነጋገሩ ሳምንታት ገፉ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነበር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጣችው። ቅጿ ለገጠር ቤት የተዘጋጀ ስለ ነበር፣ በሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ «መጸዳጃችሁ ከመኖሪያው ስንት ሜትር ይርቃል?» ብላ በከፍተኛ ድምፅ አነበበች። ወይዘሮዋ ራሳቸውን እንደሚያማቸውና እንቅልፍ እንዳጡ፣ ይህም ደም ብዛት መሆኑን እንደሚጠረጥሩ ነገሯት። ሠራተኛዋ ለካቻቸው፤ ደህና ነው። ልታዝን በሚገባት ልክ አዝና፣ «ሰው ሞቶብዎታል እንዴ?» አለቻቸው። ወይዘሮ አስካለማርያም አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ሞቶብኛል እንዳይሉ የሟቹ እኅት ፊት ድቅን አለባቸው፤ አልሞተብኝም እንዳይሉ ደግሞ ልባቸው እንቢ አለ። «የሞተባት ልጄን ነው» አሉ በመጨረሻ። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ልዩነት የሚመዘግብ ክፍት ቦታ ቅጿ ላይ ስላልነበረ፣ ሠራተኛዋ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ የወጣቶች ማዕከል ይሂዱ። ሰው የሞተባቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ ይነጋገራሉ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፤ በነፃ ነው» ብላ ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ሩት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ሶፋውን እያስተካከለች፣ «እማዬ፣ ዛሬ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ይመጣሉ» አለቻቸው። «ቆሎው በቆርቆሮው ውስጥ አለ፤ እኔ በርበሬ ልገዛ ልሂድ» አሉ። በርበሬ ገበያ የሚሄድ ሰው በዚያ ሰዓት፣ ያለ ዘንቢል፣ ራሱን ተሠርቶ እንደማይወጣ ሩት ታውቃለች፤ ሆኖም አልጠየቀችም። ወይዘሮዋ ጥቁር ነጠላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከሕንፃው ወጡ፤ ጎረቤት ከማያያቸው ጥግ ሲደርሱም ግራ ቀኝ ተመልክተው እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ አውጥተው ለበሱት። ሚኒባሱ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸውና ረዳቱ ሰው አስነሥቶ ጋቢና አስቀመጣቸው። ከሐዘን መብት የመጀመሪያውን ያገኙት ከታክሲ ረዳት ነው።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ለጠረጴዛ ቴኒስ የተሠራው ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ባለሙያው ሶሬሳ የሚባል ወጣት ነው፤ አያቱ በዚያው ምድር ላይ ጤፍ ያመረቱበት ቦታ ዛሬ ሕንፃ በቅሎበት፣ እርሱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በሕንፃው መካከል የሰው ሐዘን ያደምጣል። ትሑትና ሥርዓት ወዳድ ነው፤ ሦስት ደንቦችም አሉት። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፤ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፤ ምግብ አይመጣም። ሦስቱም በየሳምንቱ በእኩል ይጣሳሉ። እናቷ የሞቱባት የሺሐረግ የምትባል ጎመን ነጋዴ፣ ባዶ እጅ ለቅሶ መግባት ነውር ነው ብላ ንፍሮ በፌስታል ታመጣለች፤ ባለሙያው ፊቱን ሲያዞር ፌስታሉ በወንበሮቹ ጀርባ ይዞራል። አቶ ተሰማ ደግሞ ሚስታቸውን ያጡ የእድር ዳኛ ናቸው። በረጅም የዳኝነት ዘመናቸው ሌሎችን ሲያጽናኑ ኖረው፣ ተራው ሲደርሳቸው ወንበራቸው የት እንደ ሆነ ጠፍቷቸው እዚህ መጥተዋል። ሐዘናቸውን ለመናገር ግን ገና አልበቁም፤ ለጊዜው የሚሠሩት ያረፈደን ሰው መገሠጽና ንግግር ያስረዘመን ሰው በሳል ማስጠንቀቅ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ» አለ ሶሬሳ። «እዚህ ማንም አይፈርድብዎትም። ማንን እንዳጡ ሊነግሩን ይፈልጋሉ?»

ወይዘሮ አስካለማርያም በሚኒባስ ሲመጡ «ወንድሜን ነው» ለማለት አዘጋጅተው ነበር። ወንድም ንጹሕ ዝምድና ነው፤ አይፈታም። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው ሌላ ሆነ። «ባለቤቴን» አሉ። «ፍቅሩን።»

«እግዜር ያጥናሽ!» አለ ክበቡ በአንድ ድምፅ፤ አቶ ተሰማም ከፍ ባለና በተለማመደ ድምፅ መሩት።

ቃሉ ወይዘሮዋን ከወንበራቸው ሊጥላቸው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? አቶ ፍቅሩ የውኃ ቧንቧ ሲዘጋ እንደ ባቡር ብሎን አጥብቆ ስለሚያስረው ከእርሱ በቀር የሚከፍተው እንዳልነበረ፣ ለሥራ ድሬዳዋ ሲወርድ እርሳቸው ጎረቤት ሄደው ፊታቸውን ይታጠቡ እንደ ነበር ተናገሩ። ስለ ፍሬኑም ተናገሩ። «መልሱን ሳልነግረው ሞተብኝ» አሉ።

«ምን ነበር መልሱ?» አለች የሺሐረግ ንፍሮዋን ሳትውጥ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ቀና አሉ። «ፍሬኑ እኔ ነበርኩ።»

አቶ ተሰማ ጭንቅላታቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለ አጭር መልስ በእድር ስብሰባ ላይ ሰምተው አያውቁም። ወይዘሮዋ ማልቀስ ጀመሩ፤ ጉንፋን ማስመሰል አላስፈለጋቸውም። ልክ በዚያ ሰዓት በሩ ተከፈተና ጥቁር በጥቁር የለበሰች፣ ከትከሻዋ ሰፋ ያለች ሴት ገባች።

«አርፍደዋል» አሉ አቶ ተሰማ።

«ከሳሪስ አቦ ነው የመጣሁት፤ መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለች ሴትዮዋ። ወይዘሮ ዳሲቱ ነበሩ፤ የአቶ ፍቅሩ ሁለተኛ ሚስት፣ በሕግም በእድርም የታወቁ ባልቴት። ይህን ያህል መንገድ የመጡት በሰፈራቸው የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከወይዘሮ አስካለማርያም ጎን። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ወይዘሮ ዳሲቱ የጣውንታቸውን ጥቁር ነጠላ፣ ያበጡ ዓይኖች፣ በጉልበታቸው ላይ ያለውን እርጥብ መሐረብ በተራ ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለማርያም እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሰው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ሶሬሳ የለመደውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ባለቤቴን ነው ያጣሁት» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ፣ ዓይናቸውን ከጎረቤታቸው ሳያነሡ። «ፍቅሩ ይባላል።»

«እግዜር ያጥናሽ!» አለ ክበቡ።

«ወይ መገጣጠም!» አለች የሺሐረግ። «የእሳቸውም ባለቤት ፍቅሩ ነው!»

«ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው።»

«የእሳቸውም!»

«ቧንቧ ዘግቶ ከወጣ እስኪመለስ ውኃ የለም። ይኸው ከሞተ ወዲህ የጓሮውን ቧንቧ የሚከፍት ጎረምሳ ጠፍቷል።»

«የእሳቸውም እኮ!» የሺሐረግ በደስታ አጨበጨበች። «እናንተ ሴቶች፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት ባል ነው ያገባችሁት!»

ማንም አልሳቀም። አቶ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በእድር ዳኝነታቸው ዘመን ብዙ ውስብስብ ጉዳይ አይተዋል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ፣ «ለመሆኑ ሟቹ ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ።

«እንዲያ ከሆነ ነገሩ ሥርዓት ይፈልጋል። በእኛ እድር ደንብ ለአንድ ሟች የሚተከለው አንድ ድንኳን ነው። ይህ ጉባኤ ግን ሁለት ጊዜ አጽናንቷል። የመጀመሪያው በስሕተት የተሰጠ ስለ ሆነ ሊነሣ ይገባል።»

«አቶ ተሰማ፣ ማጽናኛ እኮ አይነሣም» አለ ሶሬሳ።

«ለምን አይነሣም? የተሳሳተ ውሳኔ ይነሣል።»

«እዚህ ዳኛ የለም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

ወይዘሮ አስካለማርያም ተነሡ። ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻቸው እያወረዱ ማጠፍ ጀመሩ፤ ጠርዙ ግን አልገጣጠም አላቸው። «አንሡት» አሉ። «ሰው የሚለው ልክ ነው። ምኑም አይደለሁ።»

«ቁጭ በይ!» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ። ድምፃቸው ሶሬሳን እንኳ አስቀመጠው፤ ቆሞ ነበርና። «ስታለቅሺ መግባቴ አይደለም ያናደደኝ። አልቅሺ፤ እንባ በእኔ ፈቃድ አይወርድም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተሽ እጄን ስትጨብጪ ምን ነበር ያልሽኝ?»

ወይዘሮ አስካለማርያም አላስታወሱም።

«‹እንዴት ነሽ ዳሲቱ?› አልሽኝ። ሰው ሁሉ እያየን! እንደ ገበያ ጓደኛ። ባሌ ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም፤ እንዴት ልሁን? የመንደሩ ሥጋ ሻጭ እንኳ ጎንበስ ብሎ ‹ያጥናሽ› ብሎኛል። አንቺ ብቻ ነሽ የከለከልሽኝ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላውን በግማሽ እንደ ታጠፈ ይዘው ቆሙ። በዚያን ዕለት ያንን ቃል ለዚህች ሴት መናገር፣ ፍቅሩ የእርሷ ነበር ብሎ በሕዝብ ፊት መፈረም መስሏቸው እንደ ነበር አሁን ተገለጠላቸው። ሳምንታት ሙሉ ሰው ሁሉ ነፈገኝ ሲሉ ያዘኑበትን ነገር፣ ከሰው ሁሉ አስቀድመው የነፈጉት እርሳቸው ኖረዋል። ይህን ማወቅ ለማንም ደስ አይልም፤ ወይዘሮዋንም ደስ አላላቸውም። አቶ ተሰማ ለማስታወስ ያህል አንድ ጊዜ ሳሉ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ጎንበስ ብለው የዳሲቱን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉ፤ ለመውጣት የከበደው ቃል ከወጣ በኋላ ቀላል ሆኖ አገኙት። «ባልሽን ነው ያጣሽው።»

ወይዘሮ ዳሲቱ የተያዘውን እጃቸውን አዩት፤ ሳይነጥቁት ቆዩ።

«አንቺንም» አሉ።

አቶ ተሰማ ግራና ቀኝ ተመለከቱና፣ «እንግዲያውስ ባለመብቷ ከፈቀዱ ውሳኔው ጸንቷል» ብለው ተቀመጡ።

«አሁን ልናገር» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ ወንበራቸውን ወደ ወይዘሮ አስካለማርያም አዙረው፤ ከዚያ በኋላ ክበቡን ፈጽሞ ረሱት። «ቤቴ እስከ ዛሬ በሰው እንደ ሞላ ነው። ሁሉም ‹እንዴት ያለ ሰው ነበር› ይላል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ግን ተናድጃለሁ፤ ምን ላድርግ? የደም ግፊት መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው እያለ ሶፋ ሥር ሲወረውር ኖሮ! ከሠልስቱ በኋላ ምንጣፍ ላራግፍ ስል አገኘሁት። የሞተን ሰው እንዴት እሰድባለሁ? ለማን እነግራለሁ?»

«ለእኔ ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ያኔም ለወባ የታዘዘለትን ክኒን አበባ ማሰሮ ውስጥ ይቀብር ነበር። አበባው ደረቀ።»

«አየሽ!» ወይዘሮ ዳሲቱ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንጃ ብቻ፣ ደፋር ግን ነበር። ያቺ ትከሻው ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ…»

«የትኛዋ?»

«የባቡሩ ሞተር በእሳት ሲያያዝ ረዳቱን ሊያወጣ ገብቶ ያገኛት።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ለዚህች ሴት ዛሬ የነገሯት ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ አሁን መዋሸት አላማራቸውም። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አሉ። «ሸሚዝ ስተኩስ የወደቀች ቁልፍ ሊያነሣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ድንገት ብድግ ቢል ከካውያው ጋር ተገናኘ።»

ወይዘሮ ዳሲቱ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ከእሳት ስላወጣልኝ ብዬ በየዓመቱ ለአቦ ጧፍ አበራ ነበር እኮ!»

«ቢሆንም አውጥቶታል» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ካውያው ሙሉ ከሰል ነበር።»

በመጀመሪያ የሳቀችው የሺሐረግ ናት። ከዚያ ወይዘሮ ዳሲቱ፤ ከዚያ ሁለቱም ሚስቶች እርስ በርሳቸው እስኪደጋገፉ ድረስ ሳቁ። አቶ ተሰማ ይህ ለሐዘን ጉባኤ አይገባም ሊሉ ተነሥተው፣ ራሳቸውም ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ሳቅ በየትኛው ትንፋሽ ላይ ወደ ለቅሶ እንደ ተለወጠ ማንም ልብ አላለም። ወይዘሮ ዳሲቱ «ፍቅሩ!» ብለው ጮኹ፤ ወይዘሮ አስካለማርያም ተቀበሏቸው፤ ቀጥሎም አቶ ተሰማ፣ ለብዙ ሳምንት በሳል ሸፍነውት የኖሩት ነገር ሲፈነቅላቸው፣ የሚስታቸውን ስም ጠርተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሶሬሳ ከተማረው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ምንም አላገኘም፤ መሐረቡን አወጣ።

ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ክፍል የኮብልስቶን ሥልጠና ላይ የነበሩ ወጣቶች ጩኸቱን ሰሙ። ለቅሶ ተሰምቶ ማለፍ አይቻልምና መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንድ በአንድ ወደ አዳራሹ ገቡ። ሶሬሳ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ዝግ ስብሰባ ነው» ሊላቸው ብድግ ሲል አቶ ተሰማ በእንባቸው መካከል ክንዱን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ለቅሶ አይዘጋም» አሉት። ወጣቶቹ ግድግዳውን ተከትለው ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ተደረደሩ። ፊተኛው፣ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ብናኝ የነጣ ጎረምሳ፣ ከወይዘሮ አስካለማርያም ፊት ደርሶ አቧራማ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋላቸው።

«እግዜር ያጥናዎት እናቴ» አላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉት።

ሟቹ ምናቸው እንደ ሆነ አልጠየቃቸውም።